የአያቱን ዘንግ የሚመራ ልጅ

ባለፈው ዓመት በመስከረም መጨረሻ ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዱ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ይቀር ጀመር። ስሙን ስንጠራ ድምፅ የለም፤ ሲመጣም ምክንያቱን አይናገርም። እኛም እንደ መምህር ልማድ አስቀድመን ገሠጽነው፥ ቀጥለንም ወላጅ ሳይዝ እንዳይመጣ አዘዝነው። በማግሥቱ ወላጅ ይዞ መጣ፤ ይዞ የመጣው ግን የዘንግ ጫፍ ጨብጦ እየመራ ነበር። ቆብ የደፉ እማሆይ አያቱ ነበሩ። ሳንጠይቅ የተቆጣንበትን ምክንያት ያለ ቃል ተረዳነው፥ አፈርንም።

የልጁ እናት የቀን ሥራ ስለምትውል፥ እማሆይን ማለዳ ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ፥ ወደ ገበያ የሚያወጣ፥ በደጅም በጓሮም የሚመራ ይህ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። «እማሆይ፥ ዓይንዎን ሐኪም አይቶልዎ ያውቃል?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ እርጅና ነው እንጂ ሕመም አይደለም፤ አያመኝም እኮ። ለእርጅና ደግሞ ሐኪም ምን ያደርጋል?» ብለው መለሱልን።

ይህን መልስ በብዙ ቤት ሰምተነዋል። እኛም ራሳችን በልጅነታችን ስንለው ኖረናል። ፊደል የቆጠርንባቸው፥ ዳዊትም የደገምንባቸው የኔታ ዓይናቸው አይመለከትም ነበር። መጻሕፍቱን ሁሉ በልባቸው የያዙ ስለ ነበሩ አንዲት ቃል ብንዘልል ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ያርሙናል። ቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤውን ሁሉ የፈጸመውን ሊቅ «ዐራት ዓይና» ትለዋለችና፥ እኛ ሕፃናቱ የሥጋ ዓይን መጥፋት ለእንዲህ ያለው ሰው የክብር ምልክት ይመስለን ነበር። ዘንጋቸውን ማን እንደሚይዝ እንኳ ለበረከት ስንል እንጣላ ነበር። በብሌናቸው ላይ ይታይ የነበረው ወተት የመሰለ ንጣት ዛሬም ትዝ ይለናል። የኔታ እንዲሁ እንደ ሆኑ ዐረፉ። በዚያን ዘመን የዓይን ሞራ መግፈፍ የማይታወቅ ሕክምና አልነበረም፤ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነበር እንጂ። ከመካከላችንም እስከዚያ ድረስ ዘንጋቸውን እንያዝ ያለ አልነበረም።

ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ዓይን ሞራና እርሱን ስለሚመስሉ ደዌያት፥ ስለሚደረግላቸውም ቀዶ ሕክምና ልንጽፍ ወደድን። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፥ ከዚህ እኩሌታው ያህል ብርሃኑን ያጣው በዓይን ሞራ ምክንያት ነበር። እንግዲህ በየመንደሩ በዘንግ ከሚመሩት ሰዎች ብዙዎቹ ሊመለስ በሚችል ጨለማ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

የዓይን ሞራ፥ ስሙ እንደሚያስመስለው፥ ከውጭ መጥቶ በዓይን ላይ የሚጋረድ ስብ አይደለም። ከብሌኑ በስተ ኋላ የምስር ቅንጣት ቅርጽ ያለው፥ እንደ መስታወት የጠራ አካል አለ፤ ሐኪሞች ሌንስ ይሉታል። ሥራው ብርሃንን ሰብስቦ ወደ ዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ማድረስ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ የጠራ አካል ቀስ በቀስ ይደፈርሳል፤ የእንቁላል ውኃ እሳት ሲነካው ነጭ እንደሚሆን ያለ ነገር ነው። ከዕድሜም በቀር የስኳር በሽታ፥ እንጨት ሲፈልጡ ወይም እሾህ ሲቆርጡ በዓይን ላይ የሚደርስ አደጋ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለብዙ ጊዜ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጡታል።

አመጣጡ ያለ ሕመም ስለ ሆነ ሰው ይዘናጋል። በመጀመሪያ በጉም ውስጥ እንደ ማየት ነው፤ ሌሊት የመኪና መብራት ይበተንበታል፤ የቀለማት ድምቀት ይቀንሳል። አንዳንዱ ሽማግሌ ደግሞ ለንባብ የሚያደርገውን መነጽር አውልቆ ያለ መነጽር ማንበብ ይጀምርና «ዓይኔ ታደሰልኝ» ብሎ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። የምናውቃቸው አንድ ቄስ እንዲሁ ብለው መነጽራቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ መጽሐፈ ቅዳሴው ጠፋባቸው። ሌንሱ በሞራው ምክንያት ሲጠነክር የቅርቡን ለጥቂት ጊዜ ያሳያል እንጂ መታደስ አልነበረም።

ይህን የደፈረሰ አካል የሚያጠራ ጠብታም ሆነ የሚዋጥ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ይህን ስንነግራቸው እማሆይ የፈሩት ቢላዋውን አልነበረም። «ዓይኔን አውጥተው አጥበው ይመልሱታል አሉኝ፤ ካወጡት በኋላ ሳይመልሱት ቢቀሩስ?» አሉን። ይህ ወሬ በየመንደሩ አለ፤ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ዓይን ከጕድጓዱ አይወጣም። ሐኪሙ ዓይኑን በማደንዘዣ ካደነዘዘ በኋላ ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት አጠገብ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ከፍቶ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣል፤ ቀዳዳውም የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስፌት እንዲገጥም ሆኖ ነው። በትልልቅ ከተሞች ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በምትሆን ቀዳዳ በድምፅ ሞገድ ሌንሱን ፈጭቶ የሚመጥ መሣሪያ አለ። ያልተወሳሰበ ከሆነ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ሕመምተኛው እየሰማና እየተነጋገረ ያልቃል።

በወጣው ፈንታ ሰው የሠራው ሌንስ ይገባል። የዚህን ነገር ታሪክ ስናነብ እጅግ ደነቀን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላን ነጂዎች የመስኮታቸው ፕላስቲክ እየተሰበረ ስብርባሪው በዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የለንደን የዓይን ሐኪም ያ ስብርባሪ በዓይን ውስጥ ሲቀመጥ ዓይኑን እንደማያስቆጣው አስተዋለ። ከዚህም ተነሥቶ በዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ በ1949 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ አኖረ። ባልንጀሮቹ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ተቃወሙት። ከዚያ አስቀድሞ ሞራው የተገፈፈለት ሰው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ማድረግ ነበረበት፤ ዛሬ ግን የገባው ሌንስ ዕድሜ ልክ በዚያው ይኖራል።

ሌላው የተሳሳተ ነገር «ሞራው ይብሰል፤ ካልበሰለ አይገፈፍም» የሚለው ነው። ይህ ለቀድሞው አሠራር እውነት ነበረ፤ ለዛሬው ግን አይሠራም። ሰውየው የዕለት ሥራውን ለመሥራት፥ ለማንበብ፥ በመንገድ ለመሄድ ሲቸገር ጊዜው ደርሷል። ብዙ የቆየ ሞራ እየጠነከረና እያበጠ ሄዶ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ያልታመመው ዓይን በብርቱ ይታመማል፥ ሊመለስ ይችል የነበረውም ብርሃን ይጠፋል።

እማሆይ የመጨረሻውን ጥያቄ ያወጡት ወደ ኋላ ነው፤ በልባቸው የነበረው ግን እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ሦስት ዓመት ጠበል ሲመላለሱ ኖረዋል። «ጠበሉን ትቼ ወደ ቢላዋ ብሄድ አምላኬን መጠራጠር አይሆንብኝም?» አሉ። ይህን ልንመልስ የሚገባን እኛ አልነበርንምና የንስሐ አባታቸውን ጠራን። እርሳቸውም፥ «እማሆይ፥ ጠበሉን የባረከው ለሐኪሙም ጥበቡን ሰጥቶታል። ጠጥተው ይሂዱ፤ ሲመለሱም ይጠጣሉ» ብለው ባረኳቸው። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ፥ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ስለ ማክበር እንደሚናገር በቤታችሁ የምታነቡ ታውቃላችሁ። በ1999 ዓ.ም.ም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲጠቀሙ በይፋ ተናግረዋል። ጳጉሜን 3 ቀን በዝናብ ስንጠመቅ የምናስበው ቅዱስ ሩፋኤልም የጦቢትን ዓይን ያዳነው መድኃኒቱን ለልጁ ለጦብያ አሳይቶ፥ በልጁ እጅ አስቀብቶ ነው። የጦቢት ደዌ በዛሬ ስም ምን እንደሚባል ልንመረምር አልተነሣንም፤ የአባቱን መድኃኒት ከሩቅ አገር ተሸክሞ የመጣው ልጁ እንደ ሆነ ግን ልብ ይሏል።

ያም ሆኖ እማሆይን ከቤት ለማውጣት ሁለት ወር ፈጀብን። የያዘን የሕክምናው ዋጋ አልነበረም፤ በየጊዜው በየከተማው በነጻ የሚገፈፍበት ዘመቻ አለና። ያስቸገረን አብሮ የሚሄድ ሰው ማጣት፥ የመኪናው ኪራይና የማደሪያው ነገር ነበር። እናቲቱ አንድ ቀን ሥራ ብትቀር የዕለት እንጀራቸው ይጎድላል። በመጨረሻ የሰፈሩ ዕድር የመኪናውን ከፈለ፥ ከሰንበት ትምህርት ቤት አንዲት ወጣትም አብራ አደረች። ዕድሮቻችን ለቀብር የሚያወጡትን ገንዘብ እናከብራለን፤ ሰው በሕይወት ሳለ ዓይኑ እንዲበራ ቢያወጡት ደግሞ ደንባቸው የሚከለክላቸው አይመስለንም።

በሆስፒታሉ የዓይን ስፔሻሊስቱ ሁለቱንም ዓይን ከመረመረ በኋላ የነገረን ግማሹ ደስ የሚያሰኝ፥ ግማሹ የሚያሳዝን ነበር። የግራው ሞራ ብቻ ስለ ሆነ ይገፈፋል። በቀኙ ዓይን ግን መብራት ቢያበራበት እማሆይ ብርሃኑን ከጨለማው ለይተው መናገር አልቻሉም። ከሞራው በስተ ኋላ ሌላ ደዌ ገብቶ የማየት ነርቩን ጨርሶታል፤ እርሱም ግላኮማ ይባላል። «ከዓመታት በፊት ቢመጡ ኖሮ ይህንንም እናቆየው ነበር» አለን፤ ቃሉን ለእማሆይ ሳይሆን ለእኛ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

ግላኮማ ከሞራ የሚለየው በዚህ ነው፤ ሞራ የወሰደው ብርሃን ይመለሳል፥ ግላኮማ የወሰደው አይመለስም። በዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭና የሚፈስ ውኃ አለ፤ መፍሰሻው ሲጠብ አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ ይጨምርና የማየት ነርቩን ያደርቀዋል። የሚጀምረው ከዳር ነው፤ ሰውየው ፊት ለፊቱን ደኅና አድርጎ እያየ በጎኑ ያለው በር ይመታዋል፥ ሰው ይጋጨዋል፥ እርሱ ግን አላስተዋልሁም ይላል እንጂ ዓይኔ ታመመ አይልም። ስለዚህ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ፥ ይልቁንም እናቱ ወይም አባቱ፥ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚህ ደዌ የተያዘበት ሰው፥ ዓይኑን መመርመር ይገባዋል። ሕክምናው በየቀኑ የሚደረግ ጠብታ፥ አንዳንድ ጊዜም ጨረር፥ ወይም ለውኃው አዲስ መፍሰሻ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና ነው። ሁሉም የቀረውን ለመጠበቅ እንጂ የጠፋውን ለመመለስ አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው «ጠብታው አላሻለኝም» ብሎ ያቋርጣል። በጾም ወራት ጠብታውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆዩ፥ ጨርሰውም የሚተዉ እንዳሉ ሰምተናል፤ ጠብታ ምግብ አይደለምና በዚህ ነገር የሚጠራጠር ሰው ከማቋረጡ በፊት የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ወደ እማሆይ እንመለስ። የግራ ዓይናቸው በዕለቱ ተሠራ፤ በማግሥቱ ማለዳ ፋሻው ተፈታ። በመጀመሪያ የሐኪሙን ጋውን አዩ፥ ቀጥለው ልጁን አዩና «ይህ ረጅም ልጅ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ስሙን ሲናገር ዝም አሉ። ማልቀስ የጀመሩት በመኪና ውስጥ ነው። ከቤት በደረሱ ጊዜ ግን ቀና ብለው ጣሪያውን ተመለከቱና፥ «ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ ጥላሸትና በዚህ የሸረሪት ድር ውስጥ ነው ያስቀመጣችሁኝ?» ብለው ልጃቸውን ተቆጧት።

ከተገፈፈ በኋላ ያለው ጥንቃቄ በየቤታችሁ ስለሚፈለግ እንናገረዋለን። ሐኪሙ የሚያዝዘው ጠብታ ለሳምንታት ሳይቋረጥ ይደረጋል። ዓይኑ አይታሽም፤ ሌሊት መሸፈኛ ይደረግበታል። እንስራ ማንሣት፥ እንጨት መሸከም፥ ጎንበስ ብሎ መስገድም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያል፤ ቆሞ መጸለይ ይበቃል። ውኃ ወደ ዓይን መግባት የለበትምና ጠበሉ በነዚያ ሳምንታት ይጠጣል እንጂ ፊት ላይ አይፈስም። ዓይኑ ቢቀላ፥ ቢያምም፥ ያየው የነበረውም ቢደበዝዝ ሳይውል ሳያድር መመለስ ይገባል፤ ከጥቂቶች ላይ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላልና።

ስለ ትራኮማ ደግሞ ሳንናገር ብናልፍ እናታችን ይታዘቡናል። በልጅነታችን በአንገታቸው ማተብ ላይ ከመስቀሉ ጋር ትንሽ ወረንጦ ታንጠለጥል ነበር፤ ማታ ማታ በኩራዝ አጠገብ ተቀምጠው ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት እንድንነቅልላቸው ያዝዙን ነበር። ብዙ አንባቢዎቻችን ይህን ወረንጦ የምታውቁት ይመስለናል። ትራኮማ ከልጅ ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ እናት በእጅ፥ በፎጣና በነጠላ ጫፍ፥ በዝንብም የሚተላለፍ ደዌ ነው። በ1998 ዓ.ም. ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ከመቶ 40.1 የሚሆኑት ሕያው ትራኮማ ነበረባቸው። ደዌው እየተመላለሰ ሲይዝ የዓይን ቆቡ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው እየተኰማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይገለብጠዋል። ያን ጊዜ ሰውየው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር ሽፋሽፍቱ የዓይኑን ፊት እንደ እሾህ ይፍቀዋል፥ በመጨረሻም ያጠፋዋል። ሕፃናትን የሚይዙና የሚያጥቡ እነርሱ ስለ ሆኑ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች እጅግ ይጠቁበታል።

የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ አንዳንድ ጊዜም በግማሽ ተሰብሮ ይበልጥ ይወጋል። ቆቡን በማደንዘዣ ቀድዶ ወደ ውጭ መልሶ የሚሰፋው ቀዶ ሕክምና ግን ቀላል ነው፤ ለዚሁ ሥራ የተማሩ የጤና ባለሙያዎች በጤና ጣቢያ ይሠሩታል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሶ የሚታጠፍባቸው አሉና እንደ ገና መታየት ያስፈልጋል። በዓይኑ ፊት አስቀድሞ የወጣውን ጠባሳ ግን አያነሣም፤ ስለዚህ ሽፋሽፍት የምትነቅል እናት ያለችበት ቤት ነገ ዛሬ አይበል። ለልጆች ፊትን ማጠብ፥ መጸዳጃ ቤት መሥራት፥ በዘመቻ የሚታደለውን መድኃኒት መዋጥ በዓመታት ውስጥ ደዌውን በብዙ ቦታ ቀንሶታል፤ ሆኖም አገራችን ዛሬም በዚህ ሸክም ከዓለም ፊተኛዋ ናት።

ከነጩ ዓይን ተነሥቶ ወደ ጥቁሩ ስለሚያድገው ሥጋ፥ በስኳር በሽታ ስለሚደማውም የዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ቦታ ስለማይበቃን ሐኪም ይጠየቅ ብለን እናልፋለን። ስለ ሕፃናት ግን አንድ ነገር አናልፍም። በሕፃን ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ፥ ዕድሜው ምንም ያህል ቢያንስ፥ በዚያው ሳምንት የዓይን ስፔሻሊስት ይየው። ሞራ ይዞ የሚወለድ ሕፃን አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ካልተገፈፈለት አእምሮው ማየትን ሳይማር ይቀራል፥ ኋላ ቢገፈፍም ደኅና አድርጎ አያይም። ያ ንጣት ነቀርሳም ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያሰጋው የዓይኑ ብቻ ሳይሆን የነፍሱ ነገር ነው። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚሉ ጎረቤቶችን አትስሙ። የቅጠል ጭማቂም ሆነ ከሌላ ቤት የተዋሳችሁትን ጠብታ በልጅ ዓይን አታንጠብጥቡ፤ መቅላትን ፈጥነው ከሚያጠፉት ጠብታዎች አንዳንዶቹ ሲዘወተሩ ግላኮማንና ሞራን ያመጣሉ።

ልዩ ሕክምናውን የሚፈልግ ሰው በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፥ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች፥ በሌሎችም ከተሞች የዓይን ክፍሎችን ያገኛል፤ የቅርቡ ጤና ጣቢያ ወዴት መሄድ እንደሚገባው ይነግረዋል።

ያ ተማሪያችን ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም። ባለፈው ሰሞን አንድ ቀን ብቻ ዘግይቶ መጣና ምክንያቱን ብንጠይቀው፥ «እማሆይ የሸሚዝህ አንገት ቆሽሿል ብለው ከመንገድ መልሰውኝ ነው» አለን። ከኋላ ወንበር ሆኖ ግን ሰሌዳውን ሲያይ ዓይኑን እንደሚያጨነቍር አስተውለናልና፥ በሚመጣው ወር ስለ ተማሪዎች መነጽር እንጽፋለን።